ቅዳሜ ብለው የወረዱበት እሑድ

ለልጄ ለኢኖኬ፣

ከሁሉ በፊት ጤናህን እጠይቃለሁ። እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ኤሊሳስ? ልጆችህስ? የኦክላንድ ብርድ አጥንታችሁ ድረስ ዘልቆ ይሆን? እኔ አባትህ ሞሄኖአ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለሁ። ጥርሴ አልቋል፣ ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ምላሴ ብቻ እንደ ወትሮዋ ናት። የምጽፍልህም እሷ ባመጣችብኝ ጣጣ ነው። አክስትህ ፋኔ ደህና ናት፤ እኔን ሳትቀብር ላትሞት ተስላለች።

ባለፈው እሑድ ሦስት ምሰሶ ያለው የሸራ መርከብ መጥቶ ከመንደራችን ፊት መልሕቁን ጣለ። የጫነው ተማሪዎችን ነው። ባሕር ላይ እየተማሩ ከርመው አንድ ቀን የብስ እንዲረግጡ ተፈቅዶላቸው ወረዱ። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ነበር። እኔ ጉልበቴን አሳብቤ ደጅ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጫለሁ፤ እውነቱን ከጠየቅከኝ የሸሸሁት ስብከቱን ነው። ልጆቹ የቆሸሸ ልብሳቸውን አጥበው በየቋጥኙ አሰጡ፤ ኳስም ጀመሩ። በዚህ ደሴት በእሑድ ቀን እንኳን ኳስ፣ ፈጠን ብሎ መራመድም እንደሚያስነቅፍ አትረሳውም።

ከመካከላቸው አንዲት ረጅም ልጅ ወደ እኔ መጣች። በተሰባበረ ቶንጋኛ፣ «አባባ፣ በቅዳሜ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የገባው ምነው? የሞተ ሰው አለ?» አለችኝ። «እስካሁን የለም፤ ሰባኪው ግን ገና አልጨረሰም» አልኳት። ሳቀች። ነገሩ ያኔ ገባኝ። ቀን የሚለወጥበት መስመር በመካከላችን ስላለ፣ ከኒዩዌ ደሴት ወደ እኛ የሚሻገር መርከብ አንድ ቀን መዝለል አለበት፤ እነዚህ ረስተውታል። ሕዝቡ ሲወጣ እስቃለሁ ብዬ አፌን ዘጋሁ።

ቀጥላ፣ «ሞሄኖአ የሚባሉ ሽማግሌ ያውቃሉ? የአባቴ አባት ናቸው። አባቴ ደብዳቤ ልኮላቸዋል፤ ከገዛ እጃቸው በቀር ለማንም እንዳትሰጪ ብሎኛል» አለችኝ።

ኢኖኬ፣ ግንባሯ የእናትህ ግንባር ነው። አቅፌ መሳም ሲገባኝ ምላሴ ቀደመችኝ። «ያ ግትር ሽማግሌ? ቤቱ በምዕራቡ ዳርቻ ነው፤ የባሕሩን ዳር ይዘሽ ሂጂ። ጮክ ብለሽ አናግሪው፤ ደንቆሮ ነው» አልኳት። «አባቴም ግትር ናቸው ይላል፤ ግን እንደ እሳቸው ያሳቀኝ ሰው የለም ይላል» ብላኝ መንገዷን ቀጠለች። በዚያ ዳርቻ ከኮኮናት ዛፍና ከመቃብር በቀር ምን አለ? ደክሟት ስትመለስ ምግቡን ከጉድጓድ ምድጃው አውጥቼ፣ ምንጣፍ አንጥፌ፣ «ደንቆሮው እኔ ነኝ» ልላት አስቤ ነበር።

አምልኮው ሲያበቃ ካፒቴኑ ሰላም ሊለን መጣ። በሕዝቡ ፊት፣ «ጌታው፣ ሳሙናችሁ የሚሠራው እንደ ዛሬው በእሑድ ቀን ብቻ ነው?» አልኩት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ካፒቴኑ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ቀን መቁጠሩን ለትምህርት ብሎ ለተማሪዎቹ ሰጥቶ፣ እሱም በእነሱ ሰሌዳ ሲመራ ሰንብቷል። ማክሰኞ ጠዋት ልጆቹ ከዋና ከተማችን ከኑኩአሎፋ በአውሮፕላን ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነበር፤ እስከዚያ ያለው የባሕር መንገድ ደግሞ ሩቅ ነው። አለን ያሉት ትርፍ ቀን በእኔ ቀልድ ጠፋ። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ፤ እርጥብ ልብሳቸውን እየለቀሙ ወደ ጀልባ ሮጡ።

አንዲት ልጅ ጎደለች ሲባል፣ ያለችበትን የነገርኳቸው እኔው ነኝ። የልጅ ልጄ ናት ለማለት ግን አፈርኩ፤ ሰዉ ገና እየሳቀልኝ ነበር። አንዱ ጀልባ በባሕር ዞሮ ሊያነሳት ሄደ፤ እኔ ከዘራዬን ይዤ በየብስ ሮጥኩ። ፋኔ በእሑድ ሮጠ ብላ እስከ ዛሬ አልተወችኝም። ስደርስ ጀልባው አንስቷት ርቋል። የእግሯ ዱካ ከአንዱ መቃብር ወደ ሌላው ይሄዳል። በየድንጋዩ ላይ ስሜን ስትፈልግ ነበር።

ልጄ፣ ከዐሥራ ሰባት ዓመት በፊት ስትሄድ ወደብ ላይ፣ «በሦስት ወር እያለቀሰ ይመለሳል» ብዬ መንደሩን ያሳቅኩብህ እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፍክልኝም፤ አልፈረድኩብህም። በመጨረሻ የጻፍከውን ደግሞ ክንድ ሲቀረው በገዛ አፌ መለስኩት። ምን ብለህ እንደ ነበር ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ስድብም ቢሆን ላክልኝ።

ኤሊሳን፣ ስሟን ከመንገደኛ ሰምተን ሳናውቃት ብንቀርም፣ ሰላም በልልኝ። ታናናሾቹን፣ ስማቸውን ጽፈህ እስክትልክልኝ፣ በየተራ ሳምልኝ። ፋኔ ሰላም ብላሃለች፤ ሰውነትህ ከስቶ እንደሆነ ንገረኝ ትላለች። ትልቋ ልጅህ ደግሞ፣ ስሟን እንኳ ሳልጠይቃት ሄደችብኝ፣ ይህን ወረቀት ራሷ ታንብበው። አጥሩ ላይ ተቀምጦ የዋሸሽ ሽማግሌ አያትሽ ነው በላት። ይቅር በይው አትበላት፤ ያ የራሷ ነው። ብቻ የአባቴን መልእክት ሳላደርስ ቀረሁ ብላ እንዳታዝን። እሷ አድርሳ ነበር፤ ያልተቀበልኩት እኔ ነኝ።

አባትህ ሞሄኖአ
ቫቫኡ፣ ቶንጋ
ኦገስት 16 ቀን 1978