የማዳም ሬሀና ዝቅ ያለ ሞተር

ኹበር፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሚልካ፣

ሚልኪዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? የአያትሽስ ጉልበት ተሻላት? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ማዳም ሬሀና ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው፤ አማርኛ ባትሰማም ስሟ ሲነሳ ጆሮዋ ይቆማል። አብራን የምትጸልየው ሀዊ ወደ አገር ስለምትገባ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

«ያለ እናቴ አልዳርም» ብለሽ እጮኛሽን ለታን ሁለት ጊዜ የሠርግ ቀን ማስቀየርሽን አውቃለሁ። እስካሁን የቀረሁት በሞተር ሳይክል ምክንያት ነው ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ማዳም ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ሪያድ ናቸው፤ በዚህ ሰፊ ቤት ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ታዲያ ባለፈው ዓመት ሞተር ገዛች። በስድሳ ዓመቷ! ችግሩ ቁመቷ አጭር ነው። ላዩ ላይ ስትወጣ እግሯ መሬት አይደርስም፤ በቆመች ቁጥር እንዳትወድቅ ደግፌ የምይዛት እኔ ነኝ። ባሕሩ አጠገብ ባለው ባዶ ሜዳ ከኋላዋ ስሮጥ ያየኝ ሁሉ ሌባ የማባርር ይመስለዋል። ወደ አገሬ የምገባበትን የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጁን ስጠይቃት «መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ? ማን ይይዘኛል?» ትላለች።

እኔም መላ ፈጠርኩ። ሞተሩን አስጭነን ቱቅባ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ወሰድኳት፤ መካኒኩ ጃፋር የጅማ ልጅ ነው። ማዳም መኪና ውስጥ ቀረች፣ እኔ ገባሁ።

«ሞላውን ዝቅ አድርግልን፣ እግሯ መሬት ይርገጥ» አልኩት።

«ይቻላል እትዬ፤ ግን ዝቅ ያለ ሞተር ኩርባ ላይ እንደ ልብ ዘንበል አይልም። የእግር መርገጫው አስፋልት ይነካል። ንገሪያት።»

ነገርኳት። ተቆጣች።

«እኔ ጎረምሳ ነኝ እንዴ ዘንበል የምለው? ትልቅ ሴት ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው! ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም!»

ልቤ ሠርግሽ ላይ ነበርና አሜን አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ሞተሩ ዝቅ ብሎ ሁለት እግሯ መሬት ሲረግጥ እልልታዬን አቀለጥኩት። በማግስቱ ልምምድ ላይ ቀጥታውን እየተጀነነች ሄደች። ለካ ሞተር ሲዞር ሰው ወደደም ጠላም ዘንበል ይላል! ኩርባው ላይ ብረቱ አስፋልቱን ክርርር አደረገው። ማዳም «ያ አላህ!» ብላ ደንግጣ ቀጥ ስታደርገው ሞተሩ መዞሩን ተወና፣ የአሰልጣኟን የነኢማን ሻይ፣ ወንበርና ጃንጥላ ጠራርጋ አሸዋ ውስጥ ገባች። ምንም አልሆነችም።

«ይህን ማን ነው ዝቅ ያደረገው?» አለች ነኢማ። ማዳም ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ባሕሩ አየሁ።

«ወደ ቁመቱ መልሱት። ለመቆም እኮ ሁለት እግር አያስፈልግም፤ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለሽ አንዱን ከረገጥሽ ይበቃል» አለቻት። ይህን ቀድማ ብትነግረን ምን ነበረበት? ጃፋር ሞላውን መለሰ፣ ማዳም በአንድ እግር መቆም ለመደች፣ ባለፈው ሳምንት የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አለፈች!

ከዚያ በኋላ ግን ስለ መሄዴ ትንፍሽ አላለችም። ከቀናት በኋላ ሳህን ሳጥብ መጣችና «ተመልሰሽ የምትመጪበት ኹሩጅ ነው የምትፈልጊው ወይስ ኸላስ፣ ላትመለሺ?» አለችኝ። መልሱን ስድስት ዓመት ሳዘጋጀው ነበር፤ ግን አልዋሽሽም ልጄ፣ አሳዘነችኝ።

«ኸላስ፣ ማዳም» አልኳት። ኹሩጄን እዚያው ቆማ በስልኳ ጨረሰችልኝ።

እየመጣሁ ነው ሚልኪዬ! ለታ ቀኑን ይቁረጥ፤ ከእንግዲህ የሚያስቀይረው የለም።

ትናንት ደግሞ «ሳትሄጂ አንዴ ተሳፈሪ» ብላ ከኋላዋ አፈናጠጠችኝና በባሕሩ ዳር ወሰደችኝ። ሁለት ሰው ሲጫንበት ሞላው ይረግባል፤ ኩርባ በመጣ ቁጥር «አሁን ነካ» እያልኩ ኢየሱስን ስጠራ፣ ወገቧን ጨምቄ እንደያዝኳት ጀርባዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። በፍርሃቴ የምትስቅ መስሎኝ አብሬያት ሳቅሁ። ቤት ደርሰን ስንወርድ ግን ሄልሜቷን ላውልቅልሽ ብላት እምቢ አለችኝ፤ እንዳጠለቀችው መኝታ ቤቷ ገብታ ዘጋች።

ጌታ ጎጆሽን በሳቅ ይሙላው፣ አያትሽንም ለሠርግሽ ያቁምልን። ማዳምንም በጸሎትሽ አስቢልኝ።

ናፋቂ እናትሽ
ማንጠግቦሽ