አልከፈት ያለው ሁለተኛው ቤት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ኮምፒውተሩ አልተከፈተም። ሌሊሴ ሦስቴ አጥፍታ ሦስቴ አበራችው። አልተከፈተም።

እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የዘራሁበትን ቀን፣ ላሟ የወለደችበትን፣ ዝናብ የቀረበትን በግራ እጁ ሲጽፍልኝ የኖረው ልጄ ገመቹ ነው። ገመቹን ከወሰዱት ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ። አሁን ሚስቱ ትጻፍ። «አባባ፣ ቀስ ይበሉ» ትለኛለች። ቀስ አልልም።

ገመቹ አስተማሪ ነው። ያን ዓርብ በየቦታው በተነሳው ረብሻ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ ጠዋቱን ሙሉ እቤት ተቀምጦ የተማሪዎቹን ፈተና ሲያዘጋጅ ነበር። ከሰዓት ዳቦ ልግዛ ብሎ ወጣ፤ ከቡራዩ መንገድ ላይ ፖሊሶች ከሌሎች ጋር ለቅመው ወሰዱት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ድንጋይ ሲወረውር ነበር ይላሉ። መርማሪው ለሌሊሴ፣ «እቤት ነበር ካላችሁ እስከ ቅዳሜ ማስረጃ አምጡ» አላት።

ማስረጃው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ፈተናውን ሲጽፍ ማሽኑ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዘግባል አለች ሌሊሴ። ግን በአንዱ ሳጥን ሁለት ሲስተም አለ፤ የድሮው፣ ከጎኑ ደግሞ ገመቹ ባለፈው ወር የጫነው። ሲበራ የቱን ልክፈት ብሎ ይጠይቃል። እኔ የገባኝ አንድ ግቢ፣ ሁለት ቤት ነው። የድሮው ቤት ይከፈታል። ፈተናው ያለው አዲሱ ቤት ውስጥ ነው። እሱ ጥቁር ላይ ነጭ ጽሑፍ ይደረድርና ይቆማል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 13

የኔም ጥፋት ይጻፍ። ፍተሻ መጣ ሲባል ሳጥኑን ጎተራ ውስጥ ጤፍ ያለበስኩት እኔ ነኝ። አላገኙትም። ጤፉ ግን በየቀዳዳው ገባ። ሌሊሴ ከፍታ በብሩሽ አራገፈችው። ውስጡ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች፤ አውጥታ ጠርጋ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ ነው እምቢ ያለው።

ጠጋኝ አስመጣን። አየውና፣ «ልጅዎ ሲጭነው አበላሽቶታል፤ ፎርማት ላድርገው» አለ።

«ፎርማት ምንድን ነው?»

«ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው፣ ኦቦ ቶላ።»

«ውስጡ ያለውስ?»

«እሱማ ይሄዳል።»

በሩ እምቢ አለ ብሎ ቤት የሚያፈርስ ሰው! «አንተ ግሬደር ብትነዳ ይሻልህ ነበር» ብዬ አስወጣሁት።

ሌሊሴ ፖሊስ ጣቢያ ለገመቹ ምሳ አድርሳ መጣች። ምግቡን በር ላይ ይቀበላሉ፤ የትናንቱን ዕቃ በፎጣ ጠቅልለው ይመልሳሉ። ባዶ ነው። ማን እንደበላው አናውቅም። ገመቹን በዓይናችን አላየነውም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 14

ዛሬ የተሞከረ፦ ገመዶቹን ነቅሎ መሰካት። ገመቹ የጫነበትን ፍላሽ ሰክቶ ማስነሳት፤ ፍላሹ አልተገኘም። ሰበታ ያለውን የገመቹን ጓደኛ ማስመጣት፤ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። ኢንተርኔት ከጠፋ ቆይቷል። ስልኩ ግን አንዴ ሠራ። ጓደኛው፣ «ጥቁሩ ላይ ያለውን አንብቢልኝ» አላት። ማንበብ ስትጀምር ተቋረጠ።

«ለኔ አንብቢልኝ» አልኳት።

«መጨረሻ የተከፈተው ወደፊት ነው ይላል፣ አባባ።»

«ወደፊት ማለት?»

«ገና ባልመጣ ቀን።»

ውሸታም ነው አልኩ።

ሰው ይመጣል፣ አይዞህ ይላል። እሺ እላለሁ። ላሟን አልባለሁ። እንጀራው ከአፌ ሲገባ ጣዕም የለውም፤ ግን እበላለሁ። ሌሊሴ ለምን አያለቅሱም ብላ ታየኛለች። አልመጣልኝም። ምን ላድርግ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2008 ዓ.ም.

አሮጌው ደብተር አልቆ ነው ይህን አዲሱን የጀመርነው። አዲስ ደብተር ሲጀመር ዓመተ ምሕረቱን መጥራት ልማዴ ነው። «ሁለት ሺህ ስምንት ብለሽ ጻፊ» አልኳት። እስክሪብቶዋ ቆመ።

«አባባ!»

«ምን ሆንሽ?»

ባትሪዋ ስትወጣ ማሽኑ ቀን ጠፍቶበት ኖሯል። ቀኑ ስንት ነው ብሎ ሲጠይቃት የኛን ሞላችለት፤ አራተኛ ወር፣ 2008። እሱ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ 2015 ነው። እንግዲህ ገመቹ ባለፈው የከፈተበት ለማሽኑ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚመጣ ቀን ሆነበት። እኔም ዘበኛ ብሆን አላስገባም ነበር።

ሮጣ ሄዳ ቀኑን አስተካከለች። አጉረመረመ፣ ቆየ፣ ተከፈተ።

ባትሪዋን ያወጣችው እሷ፣ ዓመቱን የጠራሁት እኔ። ይጻፍ። «ጽፌያለሁ» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ፈተናው አለ። ሲጽፍ ቆይቶ ያስቀመጠው በዚያው ዓርብ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነው። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ቆሟል። ከመልሶቹ «ሀ» ብቻ ተጽፋለች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 16

ወረቀት የሚያትም ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። ሳጥኑን ራሱን ጽሑፉ ከሚታይበት መስኮት ጋር በጋሪ ጭነን ጣቢያ ሄድን። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ አስበራው። ጎንበስ ብሎ አየ።

«አሥር ሰዓት ከሩብ ነው የሚለው። አሥር ሰዓትማ እኛ ይዘነው ነበር።»

«በፈረንጅ ነው፣ ጌታዬ» አለች ሌሊሴ። «በኛ አራት ሰዓት ነው። እኔም በዓመቱ እንዲሁ ተሳስቼ ሳምንቱን ሙሉ ደክሜያለሁ።»

ሰውየው የእጅ ሰዓቱን አየ። በጣቱ ቆጠረ። «ሳጥኑ እዚህ ይቆይ፤ ሰኞ ኑ» አለ።

«ልጄ አለ?» አልኩት።

«ሰኞ ኑ ብያለሁ፣ አባቴ።»

ስንወጣ በር ላይ የትናንቱን የምሳ ዕቃ ሰጡን። ሌላ ቀን ፎጣው ዝም ብሎ ይጠቀለላል። ዛሬ ተቋጥሯል። ቋጠሮው ወደ ግራ የዞረ ነው። ገመቹን ነዶ ማሰር ሳስተምረው በዱላ እየመታሁ ወደ ቀኝ አዙር ስለው እምቢ ያለኝ ቋጠሮ ነው።

እቤት ስንደርስ ሌሊሴ ልትፈታው እጇን ዘረጋች። ያዝኳት።

ተይው አልኩ። እስከ ሰኞ እንደታሰረ ይቆይ።