ቴዮፊሎ ያሰባት ከተማ

እህቴ ፔርላዬ፣

የምጽፍልሽ ማኒላ፣ የጣሊያን ኤምባሲ ደጅ ቆሜ ስለሆነ ጽሕፈቴን ቻይው። ውስጥ የጣሊያን ቪዛ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጭጭ ብሏል። የኢሎኢሎ ገበያችን ጫጫታ ናፈቀኝ።

እኔንና ቴዮፊሎን ለየብቻ ጠየቁን። ጠያቂዋ ሴትዮ "የመጀመሪያውን ቀን የት ያሳልፋሉ?" አለችኝ። "ቬኒስ" አልኳት፤ ዓመት ሙሉ ያቀድነው እሱን ነው። ወረቀቷን አየት አድርጋ "ባለቤትዎ ግን ኔፕልስ ነው ያሉት" አለች።

ሁለት ዓይነት ቃል ስለሰጠን በቃ ሊከለክሉን ነው ብዬ ፈራሁ። ቴዮፊሎን አስጠራችውና "የቱ ነው እውነቱ?" ብላ ጠየቀችው። አንገቱን ደፋ።

"እህቷ ሉርደስ ኔፕልስ ውስጥ ተቀጥራ አሮጊት ስትጦር ሞታ እዚያው ተቀብራለች። ቬኒስን ማየት የኔ ምኞት ስለሆነ፣ እሷ የመቃብሩን ነገር አንድ ቀን እንኳ አላነሳችብኝም። ትናንት ኔፕልስ ሆቴል ያዝኩ። እስከ ዛሬ ሳላስበው በመቆየቴ አፍሬ አልነገርኳትም" አላት።

"እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለችኝ ሴትዮዋ።

"እሱ ያለውን" አልኩ።

የጉዞ ዕቅዳችንን መልሳ ሰጠችንና "አስተካክላችሁ ጻፉት፤ ቪዛችሁን አርብ ትወስዳላችሁ" አለች። ቬኒስን ሰርዞ ኔፕልስ ብሎ የጻፈው ራሱ ቴዮፊሎ ነው።

ወረቀቱ ሞላብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ። እማዬን ደግሞ ቁጭ አድርገሽ፣ ለሉርደስ መቃብር የምትልከውን እንድታዘጋጅ ቀስ ብለሽ ንገሪያት።

ያንቺዋ ሊጋያ