አርባ ኪሎ ገብስ

ሞላሌ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለገሊላ፣

እንደምን ከርመሻል? የዱባዩ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። ብርዱም ያው የመንዝ ብርድ ነው።

የላክሽው የአሚኖ አሲድ ዱቄት ጉልበት መጨመር አለመጨመሩን ጻፍልኝ ስላልሽ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ እንዳስተማረ ሰው መዝግቤ ይዣለሁ። እናትሽ መቆም ካቃታት ወዲህ ጠዋት ጠዋት ተሸክሜ ፀሐይ ላይ የማወጣት እኔ ነኝ። ወገቤ እንዲጠነክር ባዘዝሽኝ መሠረት፣ አርባ ኪሎ ገብስ ወፍጮ ቤት አስመዝኜ በየሁለት ቀኑ ጆንያውን ከመሬት እስከ ደረቴ አነሣለሁ። ጎረቤታችን ጌታነሽ፣ «መምህር፣ ወይ ያስፈጩት ወይ ይተዉት» ብላኛለች።

የዱቄቱ ጣሳ የደረሰው ሁዳዴ ሊያዝ ሲል ነው። የነፍስ አባታችን አባ ኪዳነ ወልድ አገላብጠው አዩትና፣ ከእህል ይሁን ከእንስሳ ስላልታወቀ እስከ ፋሲካ ይቆይ አሉ። ስለዚህ ጾሙን በበሶ፣ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ በዱቄቱ ሠራሁ። ለማነጻጸር በጀኝ።

በበሶ ጆንያውን በተከታታይ ስድስት ጊዜ ከማንሣት ተነሥቼ ዘጠኝ ደረስኩ። በዱቄቱ ከዘጠኝ አላለፍኩም። ሲጀምሩ ጉልበት ቶሎ ይጨምራል ትይ ይሆናል፤ እኔም አስቤዋለሁ።

እናትሽን ማንሣት ግን ከሳምንት ሳምንት ቀለለኝ። በሁዳዴ በሩ ላይ ደገፍ ብዬ አርፍ ነበር፤ አሁን ሳላርፍ እወጣለሁ። ደስ ብሎኝ ዱቄቱ ሠርቷል ብዬ ልጽፍልሽ ወረቀት ሳወጣ አየችኝ።

«እኔን ለማንሣት የሠራ፣ ለጆንያው ምነው አልሠራ?» አለች።

ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። ተማሪ ቢጠይቀኝ ወዲያው እመልስ ነበር። እሷም ይህን አይታ፣ «ለልጅቱ የጆንያውን ብቻ ጻፍላት» አለችኝ።

የጆንያው ይኸው፤ አርባ ኪሎ ነበር፣ አሁንም አርባ ኪሎ ነው። ትናንት እሱን እንዳስቀመጥኩ ወዲያው እናትሽን አነሣሁ። ከጆንያው ትቀላለች። ፈራሁ፣ ልጄ።

የሰኔ ጾም ስለገባ ጣሳውን ከድኜዋለሁ። ሌላ አትላኪ። ፍልሰታ ሳይያዝ ራስሽ ነዪ።

እመብርሃን መንገድሽን ታቅናልሽ።

አባትሽ
ዓምደሚካኤል