በደማቸው ያልነበረው በሽታ፦ የእትዬ ጥላ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ የምንሸኛቸው እኅታችን የዛሬ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው የቤት ቀለም ቀቢ፣ እናታቸው የሆቴል ልብስ አጣቢ ነበሩ። ለወላጆቻቸው የበኩር ልጅ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የተወለደችው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እኅታቸው ብቻ ናት።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለዋል። ሒሳብ ይወዱ ነበር። መዝሙር ሲሆን ግን ድምፃቸው ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ይመስላል ተብለው አፋቸውን ብቻ እንዲያንቀሳቅሱ ተነግሯቸዋል፤ ይህንንም እስከ መጨረሻው እየሳቁ ያወሩት ነበር። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በአንድ መነጽር ቤት ተቀጥረው ሌንስ መቁረጥና መሞረድ ተማሩ። ሥራው ከሱቁ በስተኋላ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ ውሃ እየተንጠባጠበበት በሚሽከረከር ድንጋይ ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ነው። ሌንሱን በሁለት ጣታቸው ይዘው ጠርዙን እያዞሩ ይሞርዱታል፣ ከፍሬሙ ጋር ያስተያዩታል፣ እንደገና ይሞርዱታል። አልፎ አልፎ ወደ ሱቁ ሲወጡ፣ ጋዜጣ ከዓይናቸው አርቀው ለሚያነቡ ደንበኞች «ዓይንዎ ምንም አልሆነ፤ ክንድዎ ነው ያጠረው» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸውን ያገኟቸውም እዚያው ነው። ባለቤታቸው የአሳንሰር ጥገና ባለሙያ ናቸው። አንድ ቀን መስታወቱ የተሰነጠቀ መነጽር ይዘው መጡ።

«በምን ተሰበረ?» አሏቸው።

«አሳንሰር ውስጥ ወድቆ።»

«ማን? አሳንሰሩ ወይስ መነጽሩ?»

ባለቤታቸው መነጽሩን አሠርተው ሄዱ። በሳምንቱ ምንም ያልሆነ መነጽር ይዘው ተመልሰው መጡ። በሃያ አራት ዓመታቸው ተጋቡ፤ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይተው ኑሮ ጀመሩ።

በተጋቡ በዓመቱ ፀነሱ። ለእርግዝና ክትትል የሄዱበት ክሊኒክ እንደማንኛዋም ነፍሰ ጡር ደማቸውን ወሰደ። ውጤቱን የነገረቻቸው ነርስ በሩን ዘግታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የተናገረችው። ቂጥኝ አለብዎት አለቻቸው። እኅታችን ከባለቤታቸው በቀር ወንድ አያውቁም ነበር። ባለቤታቸውም ተጠርተው ደም ሰጡ፤ ውጤታቸውንም ለብቻቸው ገብተው ሰሙ። ሲወጡ እናታቸው ኮሪደሩ ላይ ከምራታቸው ጎን ቆመው ይጠብቁ ነበር። እናትየው የምራታቸውን ውጤት ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ምራታቸው ላይ ነበር።

«ከኔ ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ከመጋባታችን በፊት ያመጣሁት ነው። እሷ ምንም አታውቅም።»

«አንተ? የኔ ልጅ?»

«አዎ፣ እኔ።»

እናትየው ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ደረጃውን ወረዱ። የእኅታችን ቁጣ የመጣው በኋላ ነው። እሱም ቢሆን እንደ እሳት አልነበረም፤ እንደ ቤት ውስጥ ብርድ ቀስ ብሎ ገብቶ የተቀመጠ ነበር።

ሁለቱም የፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። ሕፃኑ ግን በስድስተኛው ወር ሆዳቸው ውስጥ ሞተ። ቀጥሎ የተፀነሰውም በአምስተኛው ወር ሄደ። ሦስተኛዋ ሴት ነበረች፤ እሷም አልተረፈችም። ከእያንዳንዱ በፊት ደማቸው ተመረመረ፤ ሁልጊዜም ቂጥኙ አለ ተባለ፤ ሁልጊዜም መርፌው ተደገመ። አንድ ሐኪም «ባለቤትዎ ውጭ ውጭውን ካልተው እኛ ምን እናድርግ?» ብሏቸዋል። እሳቸውም ይህንኑ ያምኑ ነበር።

ከሦስተኛዋ በኋላ ባለቤታቸው ሳሎን ውስጥ ታጣፊ አልጋ ዘርግተው መተኛት ጀመሩ። የተጣላ ሰው የለም። ሸሚዛቸው ይተኮሳል፣ ምሳቸው ይቋጠራል፣ የማጠቢያው ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ይጠገናል። የሚነጋገሩት ስለ ቤት ኪራይና ስለ ውሃ መጥፋት ብቻ ሆነ። አማታቸው ለገዛ እኅቶቻቸው ነግረው፣ እኅቶቻቸው ለሰው ነግረው፣ ወሬው ሰፈር ገባ። ባለቤታቸው «ሚስቱን አስይዞ ልጆቹን የፈጀ» ተባሉ። ደረጃ ላይ ሰላምታ የነፈጓቸው ነበሩ። እናታቸውም ደጃቸውን ዘጉባቸው፤ ከዓመታት በኋላ ታመው የሞቱትም የልጃቸውን እጅ ሳይዙ ነው። በሥራ ቦታም የእኅታችን ብርጭቆ ከሌላው ተለይቶ መደርደሪያው ጥግ ተቀመጠ። ማን እንደለየው አልጠየቁም። ከዚያው ጠጡ።

በዚሁ መሀል ሌላ ሕመም ጀመራቸው። ጠዋት ጠዋት ጣታቸው አብጦ ሌንስ መያዝ ያቅታቸው ነበር። ፀሐይ ሲነካቸው ጉንጫቸውና አፍንጫቸው ላይ ቀይ ሽፍታ ይወጣል፤ ፀጉራቸው ማበጠሪያው ላይ ይቀራል። ከቤት እስከ ሥራ የግንብ ጥግ እየያዙ፣ የመንገዱን ጥላ እየመረጡ ይሄዱ ስለነበር የሰፈር ልጆች «እትዬ ጥላ» አሏቸው። ስሙን ወደዱት። ከሌሎቹ ስሞች ይሻላል ይሉ ነበር። ሽፍታውን ያየ ሁሉ ያው የበሽታው ነው አለ፤ እሳቸውም ያው ነው አሉ።

በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው ግራ እግራቸው በድንገት አበጠ። ደም ረግቶበት ነበር። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አንዲት የመገጣጠሚያ ሐኪም ልታያቸው መጣች። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ ጉንጫቸውን ወደ መስኮቱ አዙራ አየች።

«ፅንስ ወርዶብዎት ያውቃል?»

«ሦስት።»

«ቂጥኝ አለብዎት ተብለውስ ያውቃሉ?»

እኅታችን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ታናሽ እኅታቸው አጠገባቸው ነበረች፤ ይህን ነገር ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«የጠየቅኩት ልወቅስዎት አይደለም» አለች። «ያ የተለመደው ምርመራ እኮ ጀርሙን ራሱን አይፈልግም። ጀርሙ ሲገባ ሰውነት የሚያወጣውን ነገር ነው የሚፈልገው። አንዳንድ ሰው ደግሞ ጀርም ሳይኖርበት ያንን ያወጣል። ሰውነቱ ተሳስቶ ከገዛ አካሉ ጋር ይጣላል። ጣትዎን የሚያሳብጠው፣ ደምዎን የሚያረጋው፣ ልጆቹንም የወሰደብዎት እሱ ይመስለኛል። ሌላ ምርመራ አለ፤ ጀርሙን ለይቶ የሚያውቅ። እሱን እናሠራ።»

ተሠራ። ባለቤታቸውም አብረው ተመረመሩ። ሁለቱም ዘንድ ቂጥኝ አልነበረም፤ ኖሮም አያውቅም። የእኅታችን በሽታ ሉፐስ ነው ተባለ። ደማቸው በእንግዴ ልጁ ሥሮች ውስጥ እየረጋ ሕፃናቱን ምግብና አየር ነፍጓቸው ነበር። ማንም ከማንም ያመጣው ነገር አልነበረም።

ከሆስፒታሉ ወጥተው አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እኅታችን ጥላው በኩል፣ ባለቤታቸው ፀሐዩ በኩል። ከዚህ በታች ያለውን ለታናሽ እኅታቸው የነገሯት ራሳቸው ናቸው፤ እንዳለ ጽፋዋለች።

«ከኔ ነው ብለህ ነበር» አሏቸው።

«አዎ።»

«ያኔ ደምህ ምን ተባለ?»

«ነፃ ነህ ተባልኩ።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

ባለቤታቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጥፍራቸው ውስጥ የአሳንሰር ቅባት ነበር። «እናቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አንቺን ታይሻለች» አሉ። «እኔ ነፃ ከሆንኩ ያንቺ ነው ማለት ነው። ከኔ በፊት የሆነ ነገር ይኖራል አልኩ። ምን ላድርግ? ለነሱ አሳልፌ ልስጥሽ?»

«እና ይሄን ሁሉ ዓመት፣ እኔ ባለጌ ነኝ ብለህ…»

«አንቺስ?»

«እኔማ አንተ ነህ ብዬ።»

አውቶቡሱ መጣ፤ በሩን ከፈተ፤ ማንም ሳይነሳለት ዘግቶ ሄደ። ሁለቱም አላለቀሱም። እኅታችን በዚያ ሰዓት ደስታም ሐዘንም እንዳልተሰማቸው፣ ትዝ የሚላቸው ነገር ባለቤታቸው «ፀሐዩ ዞረብሽ» ብለው ቦታ መቀየራቸው እንደሆነ ተናግረዋል።

ፍቅራቸው በማግስቱ ተመለሰ ብሎ መጻፍ ያምር ነበር። እንደዚያ አልሆነም። ሁለቱም በሌለ ጥፋት ሲጠላሉ ኖረው፣ ጥፋቱ ሲነሳላቸው በቦታው የሚያስቀምጡት አጡ። ለብዙ ጊዜ እንደ እንግዳ ተከባበሩ። አንድ ቅዳሜ ግን እኅታችን ታጣፊውን አልጋ አጥፈው፣ እየጎተቱ ደረጃውን አውርደው ለሕንፃው ዘበኛ ሰጡት። ባለቤታቸው ከሥራ ሲመለሱ ዘበኛው ተቀምጦበት አዩ። ወደ ላይ ወጡ።

ሐኪሟ በትንሹ የሚወሰድ አስፕሪንና በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ ደም የሚያቀጥን መርፌ አዘዘችላቸውና በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው እንደገና ፀነሱ። መርፌውን መውጋት የተማሩት ባለቤታቸው ናቸው። መርፌው ሲገባ ባለቤታቸው ስለሚጮኹ እኅታችን «የተወጋሁት እኔ፣ የምትጮኸው አንተ» ይሏቸው ነበር። በስምንተኛው ወር ሴት ልጅ ወለዱ። ትንሽ ነበረች፣ ግን ጮኸች። እኅታችን ጩኸቷን ሲሰሙ «ይቺ ድምፅስ የኔ ናት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የመነጽር ቤቱ የሌንስ ክፍል ኃላፊ ሆነው ብዙ ሠራተኞችን አሠልጥነዋል። መደርደሪያው ላይ የተለየ ብርጭቆ እንዳይኖር አድርገዋል። በቅርብ ዓመታት ሉፐሱ ወደ ኩላሊታቸው ገባ። በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይመላለሱ ነበር፤ የሚያመላልሷቸውም ባለቤታቸው ነበሩ። ባለፈው ወር ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ረጋ፤ ንግግራቸው ተጎተተ፣ ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። በሐኪሞች ብዙ ቢደከምላቸውም ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ሳሉ፣ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ይህ ታሪክ እንዲህ በግልጽ እንዲነበብ ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ከምርመራው በኋላም ስማቸውን ለማጥራት አፋቸውን ከፍተው አያውቁም። «እኔ ነፃ ነኝ ካልኩ ሰው ወደሷ ነው የሚዞረው፤ ሉፐስ ምን እንደሆነ ማን ይሰማኛል?» ይሉ ነበር። እኅታችንም ንግግራቸው ሳይጎተት በፊት ታናሽ እኅታቸውን ጠርተው «እሱ እኔ እያለሁ አያስነግርም። እኔ ስሄድ ግን ዝም የሚልበት ምክንያት የለውም። ሰው ተሰብስቦ ባለበት ንገሪልኝ፤ እናቱ ባትሰማም እኅቶቿ ይሰማሉ» አሏት። ባለቤታቸው ይህ እንደሚነበብ እስከዚህች ደቂቃ አያውቁም። ጸሐፊዋን ይቅር ይበሏት።

እኅታችን ትተዋቸው የሄዱት፣ በሕይወታቸው ሙሉ ያንን በሽታ ይዘው የማያውቁት፣ ማንንም አስይዘው የማያውቁት ባለቤታቸው፣ የሃያ ዓመት ልጃቸውና ታናሽ እኅታቸው ናቸው። ቀድመው የሄዱት ሦስቱ ሕፃናት ስም አልወጣላቸውም፤ ከልጆቻቸው ጋር እንዲቆጠሩ ግን አደራ ብለዋል፤ ስለዚህ አራት ልጆች ወልደዋል ብለን እንጽፋለን።

ሥጋቸው ከገዛ ራሱ ጋር ሲጣላ ኖሯል፤ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጠብ በሌለበት ያሳርፍልን። ለልጃቸው ጤና፣ ለባለቤታቸው መጽናናት ይስጥልን። አሜን።