ለሦስት ዞን የተከፋፈለው የእጅ ማከሚያ መሣሪያ

ቀን፦ የካቲት 14 ቀን 1992 ዓ.ም.

ለክልሉ የእርዳታ ዕቃዎች አከፋፋይ ጽሕፈት ቤት
ለተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ተለያይቶ የታደለው የእጅ ማከሚያ መሣሪያ ተገጣጥሞ እንዲሠራ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሰፈራ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለገበያተኛው ጀለቢያ፣ ለተማሪው ዩኒፎርም፣ ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ለመሥሪያ ቤቶች መጋረጃና ባንዲራ ስሰፋ ኖሬአለሁ። እርስዎ ቢሮ መስኮት ላይ ያለው መጋረጃ የእጄ ሥራ ነው።

1/ ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ የስፌት መኪናዬ ላይ እንደተቀመጥሁ ድንገት ወደቅሁ። ሐኪሞቹ በአንጎሌ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አሉ፤ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። እግሬ ሲመለስልኝ ቀኝ እጄ ግን እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሎ ቀረ። በሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ በአንድ የእርዳታ ድርጅት የምትሠራው ሲስተር ኢቲዳል፣ የአገሩ ልጅ ናት፣ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ መሣሪያ ሕክምና ጀመረችልኝ። ክንዴ ላይ ሁለት ልጥፎች ታደርጋለች፤ ከሳጥኑ በሽቦ የሚመጣው ቀላል ኤሌክትሪክ ጡንቻዬን ሲነካው መዳፌ ቀና ይላል። ማሽኑ ብቻውን አያነሳም፣ አንተም አብረህ አንሳ እያለች ትቆጣኝ ነበር። ጥቅምት ላይ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ተገናኝተው ጨርቅ ያዙ። አለቀስሁ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም።

2/ ድርጅቱ ሥራውን ሲጨርስ መሣሪያውን ለክልሉ አስረከበ። አሶሳ ሊመጣልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። የጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ ግን የየትኛውም ዞን ሕዝብ እንዳይበደል በማሰብ ሳጥኑን ለመተከል፣ ሽቦውንና ልጥፎቹን ለአሶሳ፣ መያዣ ሻንጣውን ለካማሺ አደለ። ሳጥኑ መተከል ውስጥ ወንበራ ወረዳ፣ ደብረ ዘይት በምትባለው የወረዳው ከተማ ገብቷል። አድልዎ ተፈጽሟል ብዬ አልከስም፤ ሦስቱም ዘንድ እኩል አይሠራም።

3/ ሲስተር ኢቲዳል ነገሩን ለኮሚቴው ብታስረዳ፣ ዞንን ከዞን ማበላለጥ ያስጠይቃል ተባለች። እኔም በአካል ቀርቤ ነበር። ሠራተኛዎ በትሕትና ወንበር ሰጥተው፣ የአሶሳ ድርሻ እኮ ደርሷል፣ ምን ጎደለባችሁ? አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ለሦስት ወንድማማቾች በመጣ አንድ ሱሪ አንዱን እግር ለታላቁ፣ አንዱን ለመካከለኛው፣ ወገቡን ለታናሹ ቀድጄ ባከፋፍል ገበያው በድንጋይ ይለኝ ነበር። እናንተን ግን የሚናገራችሁ ጠፋ።

4/ በዚህ መካከል ጣቶቼ እንደገና እየተኮማተሩ አልዘረጋ ማለት ጀምረዋል። ባለቤቴ እታለም ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ትቆልፍልኛለች፤ ያንን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ልጥፎቹን ከተቀመጡበት የአሶሳ ጤና ጣቢያ ለምኜ ከሬዲዮዬ ባትሪ ጋር ላገናኝ ስል ሲስተር ደርሳ ነጠቀችኝ። ራስህን ልታቃጥል ነው እንዴ ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። ሥራ የፈታ እጅ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ማሽኑም አያድነውም ያለችኝም እሷው ናት። ኮሚቴው የሚሰበሰብበትን ቀን ብጠይቅ ገና አልተወሰነም ተብያለሁ።

ስለዚህ ሳጥኑ ከወንበራ ተመልሶ ከሽቦው ጋር እንዲገናኝ ትእዛዝ ይሰጥልኝ ዘንድ በትሕትና አመለክታለሁ። ዓባይን በአቋራጭ የሚያሻግር መንገድ ስለሌለ በአዲስ አበባና በጎጃም ዞሮ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሲሄድ ግን በዚያው ዞሮ ነው የሄደው።

ይህ አይቻልም ከተባለ ሌላ ልመና አለኝ። ከዚያ የመጣ ሾፌር እንዳጫወተኝ፣ ዳበሳ የሚባል የወንበራ ገበሬም እንደኔው ወድቆ፣ ያድነኛል ብሎ በየሳምንቱ እየመጣ ያንን ሽቦ አልባ ሳጥን አይቶ ይመለሳል። እንግዲያው የአሶሳን ድርሻ ሽቦውንና ልጥፎቹን ወስዳችሁ ለእሱ ላኩለት። የሚታከምበት እኔ ብቻ ስለሆንሁ፣ ድርሻዬ ይቅርብኝ ብዬ ፈርሜአለሁ። የእኔ እጅ ይድረቅ፤ የዳበሳ ይነሣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ይልቃል ገበየሁ
ልብስ ሰፊ፣ አሶሳ