ጉንዳኖቹ ስማቸውን እንዴት አገኙ

የኔ አምበል፣ እንዴት ከረምሽ?

ዛሬ የመጣሁበት የዚህ ጎረቤት አገር የሴቶች ብሔራዊ ቡድን የድሮ በረኛ የነበሩ ልብስ ሰፊ እናት ቤት ገባሁ። "ለምን ጉንዳኖቹ ተባላችሁ?" አልኳቸው።

"የሬዲዮው ጋዜጠኛ ነዋ! 'ኳሷን እንደ ጉንዳን ወረሯት' ብሎ አገር አሳቀብን። አልቅሼ ሲወጣልኝ በየማልያው ደረት ላይ ጉንዳን ጠለፍኩ። ያን ለብሰን ስናሸንፍ፣ የሳቀብን ሕዝብ ራሱ 'ጉንዳኖቹ!' እያለ ጮኸልን" አሉኝ።

እኛ ግን "ከማድ ቤት የመጡ ጉልቻዎች" ሲሉን አንገታችንን እንደፋለን፤ አንቺማ ጭራሽ ቡድኑን ልተው ብለሻል። እንዳታደርጊው! እኚሁ እናት ጉልቻ እየጠለፉልን ነው፤ የመጀመሪያውን ማልያ እኔ እለብሳለሁ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ እማዬንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ለአሰልጣኛችንም እሁድ ሜዳ እንደምገባ ንገሪው።

ከጎንሽ የማልጠፋው ተከላካይሽ